ለመንገድ የሚሆን ኪቦርድ አመራረጥ፦ ከጎንደር ለሚነሣ ተለማማጅ የቀረበ ዝርዝር መመሪያ

ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለሠርግ ጨዋታ ከጎንደር ወጥቶ ሳምንት ሁለት ሳምንት የሚቆይ የኪቦርድ ተለማማጅ ሲመለስ ጣቱ ይከብደዋል፤ ግራ እጁም ከቀኙ ወደ ኋላ ይቀርበታል። ቤት ያለው ትልቁ ኪቦርድ ከነመቆሚያውና ከነድምፅ ማጉያው በሚኒባስ ተጭኖ የሚዞር ስላልሆነ፣ ብዙ የሚጓዝ ሰው ለመንገድ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ይህ መመሪያ ያን ሁለተኛ መሣሪያ እንዴት እንደሚመርጡ ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምሟገትለትም አንድ ሐሳብ አለ፦ ለመንገድ የሚገዛ ኪቦርድ በያዘው የድምፅና የሪትም ብዛት ሊመዘን አይገባውም። ዋናው መመዘኛ መብራት ኖረም አልኖረም፣ ባረፉበት ክፍል ውስጥ በጥቂት ደቂቃ ወጥቶ የዕለት ልምምድዎን ሳያጓድሉ ሊሠሩበት መቻሉ ነው።

የዚህ ዓይነት ልምምድ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት ሃይሉ መርጊያን ማስታወስ ይበቃል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ሃይሉ ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዘው እዚያው ከቀሩ በኋላ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ሲነዱ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናቸው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ይይዙ ነበር፤ በአውሮፕላን ማረፊያው ተሳፋሪ እስኪደርሳቸው ድረስም መኪናቸው ውስጥ ሆነው ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የቀድሞ ሥራቸው ዳግም ታትሞ ወደ መድረክ ሲመለሱ እጃቸው ዝግጁ ሆኖ የተገኘው ያን የመሰለ ልምምድ ሳያቋርጡ በመቆየታቸው ነው ብዬ አምናለሁ። ያ መሣሪያ ያስፈለጋቸው በመኪና ውስጥ የሚገባና በባትሪ የሚሠራ ስለነበረ መሆኑን ልብ ይበሉ።

አንደኛ፦ የሚለማመዱትን ለይተው ይጻፉ

ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ባለፈው አንድ ወር ቤትዎ ውስጥ ኪቦርድ ላይ ተቀምጠው የሠሩትን ያስቡና በወረቀት ላይ ያስፍሩት። የአብዛኛው ሰው ልምምድ ከሦስቱ በአንዱ ያመዝናል፦ ለጣት ጥንካሬና ፍጥነት የሚሠራ መልመጃ፣ ቅኝትና ዜማ ማጥናት፣ ወይም ሁለቱን እጆች አቀናጅቶ ዘፋኝን ማጀብ። ሦስቱ የሚፈልጉት መሣሪያ አንድ ዓይነት አይደለም።

የፒያኖ ትምህርት የሚከታተል ሰው ጣቱ የለመደው የቁልፍ ስፋትና የአመታት (ቁልፉ በቀስታ ወይም በኃይል ሲመታ የሚሰማው የድምፅ) ልዩነት ያስፈልገዋል፤ ጠባብ ቁልፍ ባለው ኪቦርድ ላይ ወር ቢለማመድ ወደ ትልቁ ሲመለስ እጁ ርቀት ይስታል። ዜማና ቅኝት የሚያጠና ሰው ግን በብዙ ያነሰ መሣሪያ ይበቃዋል። ቅኝቶቻችን በአንድ ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ ተነሥቶ ያው ድምፅ ከፍ ብሎ እስኪደገም ባለው ርቀት) ውስጥ አምስት ድምፅ ብቻ ስላላቸው፣ 37 ቁልፍ ማለትም ሦስት ኦክታቭ ያለው ኪቦርድ በአንድ ቅኝት 16 ድምፅ ይሰጣል። ባለ ስድስት አውታር ክራር አምስቱን ድምፆችና የመጀመሪያውን መልሶ በኦክታቩ ብቻ ይዞ ስንት ዘፈን እንደሚያጅብ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሰፊ ሜዳ ነው። ግራ እጁ ባስና ኮርድ እየያዘ ቀኝ እጁ ዜማ የሚያወጣ አጃቢ ደግሞ በ37 ቁልፍ ላይ እጆቹ ይጋጩበታል፤ ለእሱ 49 የመጨረሻው ዝቅተኛ ወሰን ሲሆን 61 ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛ፦ ጉዞውን ይለኩ

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባሕር ዳር ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱም መስመር ሚኒባስ የሚይዝ ሰው ዕቃውን ወይ ጣሪያ ላይ ያስጭናል፣ ወይ ከኋላ ወንበር ሥር ያስገባል፣ ወይ ከእግሩ መካከል አቁሞ ይይዛል። ለኪቦርድ ሦስተኛው ብቻ ያዋጣል፤ ጣሪያ ላይ የተጫነ ኪቦርድ በላዩ ጆንያና ሻንጣ ሲደረብበት ቁልፎቹ ከውስጥ ይሰበራሉ፣ ረዳቱ የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን መንገድ ላይ ሌላ ተሳፋሪ ሌላ ዕቃ ይጭናል። አንድ ሜትር የማይሞላ መሣሪያ በቦርሳው ሆኖ በእግር መካከል ቆሞ ይሄዳል፤ ከዚያ ከረዘመ ግን የአንድ ሰው ቦታ ከፍሎ መያዝ ወይም ትቶ መሄድ ግድ ይሆናል።

የጎንደር አየር ማረፊያ ካለበት ከአዘዞ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ጉዳዩ ይጠብቅበታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል ወደ ውስጥ እንዲገባ የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 7 ኪሎ ነው። ስለዚህ ርዝመቱ ከ55 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ኪቦርድ በእጅ ሻንጣ ልክ አይገባም፤ ከሻንጣ ጋር ተጭኖ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ጠንካራ ሣጥን ይጠይቃል፣ ሣጥኑም ብዙ ጊዜ ከኪቦርዱ በላይ ይመዝናል። በጉዞዎ ውስጥ አውሮፕላን በተደጋጋሚ ካለ ይህ አንድ ቁጥር ምርጫዎን ግማሽ በግማሽ ይወስነዋል።

ሦስተኛ፦ የቁልፉን ስፋትና ብዛት ይወስኑ

የመደበኛ ፒያኖ አንድ ኦክታቭ 16.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ አንድ ነጭ ቁልፍም 2.35 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ተነሥተው ማንኛውንም ኪቦርድ ሳያዩት በሐሳብ መለካት ይችላሉ። 25 ቁልፍ ሙሉ ስፋት ካለው የቁልፎቹ ርዝመት ብቻ 35 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 37 ቁልፍ 52፣ 49 ቁልፍ 68፣ 61 ቁልፍ 85 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በግራና በቀኝ ያለው አካል ሲጨመር ባለ 37ቱ ሙሉ ቁልፍ እንኳ ከ55 ሴንቲ ሜትር ያልፋል ማለት ነው። በአውሮፕላን የእጅ ሻንጣ ውስጥ ሦስት ኦክታቭ ማስገባት የሚፈልግ ሰው ጠባብ ቁልፍ ከመቀበል በቀር ምርጫ የለውም።

ጠባብ ቁልፍ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ያማሃ ፒኤስኤስ-ኤ50 የሚባለው 37 ጠባብ ቁልፎች፣ 50.6 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 1.2 ኪሎ ክብደት ያለው መሣሪያ የአመታትን ኃይል የሚለይ ሲሆን፣ በአራት አነስተኛ ባትሪ ድንጋይ ወይም በዩኤስቢ ይሠራል። ለሳስቴን ፔዳል (ሲረገጥ ድምፁን ለሚያስቀጥለው የእግር መርገጫ) ግን መሰኪያ የለውም። ከዚሁ መጠን የሚጠጉና ለልጆች ተብለው የሚሸጡ ሌሎች መሣሪያዎች አሉ፤ ለምሳሌ ካሲዮ ኤስኤ-76 ጠባብ 44 ቁልፎች ቢኖሩትም በአንድ ጊዜ የሚያሰማው 8 ድምፅ ብቻ ነው፣ አመታትንም አይለይም። ለልጅ መጀመሪያ ጥሩ ነው፤ ለተለማማጅ ግን አይመከርም።

በሚኒባስ ለሚጓዝ አጃቢ የእኔ ምርጫ ያለማመንታት ባለ 61 ሙሉ ቁልፍ ቀላል ኪቦርድ ነው። ካሲዮ ሲቲ-ኤስ300 93 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 3.3 ኪሎ ክብደት ሲኖረው፣ ያማሃ ኤንፒ-12 4.5 ኪሎ፣ ሮላንድ ጎ ፒያኖ ደግሞ 3.9 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ሦስቱም በስድስት አነስተኛ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ። እንደ ፒያኖ መዶሻ ያላቸውና ቁልፋቸው የሚከብድ ባለ 88 ኪቦርዶች ግን ቀላል የሚባሉት እንኳ 10 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስለሆኑ ለዚህ ዓላማ አይታሰቡም።

አራተኛ፦ አመታቱን በእጅ ይፈትሹ

በዚህ ላይ መቆጠብ አያስፈልግም ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ። አመታትን የማይለይ ኪቦርድ ቀስ ብለው ቢነኩትም አጥብቀው ቢመቱትም አንድ ዓይነት ድምፅ ያወጣል፤ በእንዲህ ዓይነቱ ላይ የተለማመደ እጅ ድምፅን የማለስለስና የማጉላት ችሎታውን ያጣል፣ ዘፋኝ ሲያጅብም ዝቅ ማለት ያቅተዋል። ካሲዮ ሲቲ-ኤስ200 እና ሲቲ-ኤስ300 በመልክ በጣም ይመሳሰላሉ፣ በርዝመትና በክብደትም እኩል ናቸው፤ አመታትን የሚለየው ግን 300ው ብቻ ነው። ሻጩ ሁለቱን አንድ አድርጎ ሊያቀርብልዎ ስለሚችል ከጀርባው ያለውን የሞዴል ቁጥር ራስዎ ያንብቡ።

ፈተናው ቀላል ነው። አንድ ቁልፍ በመጨረሻው ልስላሴ ይንኩና ድምፁ ይሰማ እንደሆነ ያዳምጡ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ኃይል እየጨመሩ አሥር ጊዜ ያህል ይምቱትና የድምፁ እድገት ደረጃ በደረጃ መሆኑን ወይም በድንገት የሚዘል መሆኑን ይለዩ። ቀጥሎ ያንኑ ቁልፍ በሁለት ጣት እየተፈራረቁ በፍጥነት ይምቱት፤ ቁልፉ ሳይመለስ ሁለተኛው ጣት የሚደርስበት ከሆነ በዜማ መካከል የሚገቡትን ጌጣጌጦች ይውጥብዎታል። በመጨረሻም ነጩን ቁልፍ በጥቁሮቹ መካከል፣ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ይጫኑት። ርካሽ መሣሪያዎች እዚያ ላይ እንደ ድንጋይ ይከብዳሉ፤ አምባሰልን ከጥቁር ቁልፍ ጀምሮ ለመጫወት የሚፈልግ እጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው እዚያው ነው።

አምስተኛ፦ ለቅኝት የሚመች መሆኑን ያረጋግጡ

በውጭ አገር የተጻፉ የምርጫ ምክሮች ይህን ነጥብ አያነሡትም፣ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነው። አራቱን ቅኝቶች ከዶ ቢነሡ እንዲህ ይሆናሉ፦ ትዝታ በሜጀሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲሆን፣ ሚና ላ በፍላት (በግማሽ ቶን፣ ማለትም በአንድ ቁልፍ) ሲወርዱ ማይነሩ ይገኛል፤ ባቲ በሜጀሩ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። እነዚህን ማንኛውም ኪቦርድ ያወጣቸዋል፤ ልዩነቱ የሚመጣው በድምፆቹ መካከል ያለውን መንሸራተትና ከባህል መሣሪያ ጋር መስማማትን ሲፈልጉ ነው።

መጀመሪያ ፒች ቤንድ (ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንሸራትት መቆጣጠሪያ) መኖሩን ይመልከቱ። የመሲንቆ ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ የሚሄድ በመሆኑ፣ በኪቦርድ የመሲንቆና የዋሽንት ዜማ የሚያወጣ ሰው ግራ እጁ ሁልጊዜ በፒች ቤንዱ ላይ ነው፤ ይህን ያለ መሣሪያው መለማመድ አይቻልም። ከላይ ከጠቀስኳቸው ባለ 61 ቁልፎች መካከል ፒች ቤንድ ያለው ሲቲ-ኤስ300 ነው፤ ኤንፒ-12 እና ጎ ፒያኖ ለፒያኖ ልምምድ የተሠሩ ስለሆኑ የላቸውም። በቤትዎ የሚጫወቱት በአብዛኛው ባህላዊ ዜማ ከሆነ፣ የፒያኖው ድምፅ የተሻለ ቢሆንም እንኳ ፒች ቤንድ ያለውን ይምረጡ።

ሁለተኛው የማስተካከያ ቅንብር ነው። ትራንስፖዝ የሚባለው ድምፁን በግማሽ ቶን፣ በግማሽ ቶን ያወጣል፣ ያወርዳል። ቱኒንግ የሚባለው ደግሞ ከግማሽ ቶን ባነሰ መጠን ያስተካክላል፤ በነባሪው ላ 440 ኸርዝ ላይ ይገኛል። ጎንደር ውስጥም ሆነ በመንገድ ላይ ከአዝማሪ ጋር የተቀመጠ ሰው ሁለተኛው ለምን እንደሚያስፈልግ ወዲያው ይረዳዋል፤ አዝማሪው መሲንቆውን የሚቃኘው ለድምፁ እንዲመቸው ስለሆነ፣ ቃኝቶ የደረሰበት ከፍታ ከኪቦርዱ ሁለት ቁልፎች መካከል ሊውል ይችላል። ኪቦርዱ ወደ እሱ መሄድ አለበት። ቅንብሩ በመሣሪያው ላይ የት እንዳለና ስንት ጊዜ ተጭነው እንደሚደርሱበት ሱቁ ውስጥ ሳሉ ሻጩን ሳይጠይቁ ፈልገው ያግኙት፤ እዚያ ያላገኙት ጨዋታ መካከል ጭራሽ አይገኝም። አሥራ ሁለቱን ድምፆች አንድ በአንድ ለማስተካከል የሚያስችል ቅንብር ያላቸው ትልልቅ ኪቦርዶች አሉ፤ በቀላል የመንገድ መሣሪያ ላይ ግን ይህን መፈለግ ዋጋውንና ክብደቱን ያለ ልክ ስለሚጨምረው ለቤቱ ኪቦርድ ይተዉት።

ስለ ትራንስፖዝ አንድ ነገር ልጨምር። ለዘፋኝ በአስቸኳይ ማጀብ ሲያስፈልግ ጠቃሚ ነው፤ በልምምድ ጊዜ ግን እንዲያጠፉት እለምናለሁ። የመንገድ ልምምድ ትልቁ ዕድል አራቱን ቅኝቶች ከ12ቱም መነሻ ድምፆች መሥራት መቻሉ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጠባብ ኪቦርድና የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ይበቃሉ። ሁልጊዜ ከዶ እየተነሣ በትራንስፖዝ የሚያሻግር ተጫዋች ግን የሚያውቀው አንድ የእጅ ቅርጽ ብቻ ነው።

ስድስተኛ፦ የኃይሉን ጉዳይ አስቀድመው ይፍቱ

መብራት የሚጠፋበት ሰዓት የልምምድ ሰዓት ሊሆን ይገባዋል፤ ስለዚህ በባትሪ የማይሠራ ኪቦርድ፣ ሌላው ሁሉ ቢሟላለት እንኳ፣ የመንገድ ኪቦርድ አይሆንም። ስድስት ባትሪ ድንጋይ እያንዳንዱ 1.5 ቮልት ሆኖ በድምሩ 9 ቮልት ይሰጣል። በየሱቁ በርካሽ የሚሸጡት የካርቦን ዚንክ ድንጋዮች ለራዲዮና ለባትሪ መብራት ይበቁ ይሆናል፤ ኪቦርድ ላይ ግን፣ በተለይ በራሱ ስፒከር ከፍ አድርገው ሲጫወቱ፣ ቶሎ ይደክማሉ። አልካላይን የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን ይግዙ፤ ሲቲ-ኤስ300 በአልካላይን 16 ሰዓት ገደማ እንደሚሠራ አምራቹ ይገልጻል፣ በጆሮ ማዳመጫ ሲሠሩ ደግሞ ስፒከሩ ስለማይሠራ የኃይል ፍጆታው ይቀንሳል።

በተደጋጋሚ ለሚጓዝ ሰው የሚሞሉ የኒኬል ባትሪዎች በረጅሙ ያዋጣሉ። የእያንዳንዳቸው ኃይል 1.2 ቮልት ስለሆነ ስድስቱ 7.2 ቮልት ብቻ ይሰጣሉ፤ መሣሪያው ይህን እንደ ድካም ቆጥሮ ቶሎ እንዳይጠፋ ብዙ የያማሃና የካሲዮ ሞዴሎች የባትሪውን ዓይነት የሚመርጡበት ቅንብር አላቸው። አዲስና አሮጌ፣ የሚሞላና የማይሞላ በአንድ ላይ አያቀላቅሉ።

በዩኤስቢ የሚሠሩት በፓወር ባንክ መጠቀም ያስችላሉ። እዚህ ላይ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ችግር አለ፦ ብዙ ፓወር ባንኮች የተሰካባቸው ዕቃ የሚወስደው ኃይል ትንሽ ሲሆን ስልኩ ሞልቷል ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ትንሽ ኪቦርድ ደግሞ የሚወስደው ኃይል በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ኪቦርዱንና የራስዎን ፓወር ባንክ ይዘው ሱቁ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ሰክተው ይሞክሩ። በአውሮፕላን ሲሄዱ ፓወር ባንኩን ወደ ውስጥ ይዘው ይገባሉ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አያስቀምጡትም፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደውም እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ከወሰኑ በታች ነው።

አዳፕተሩን በተመለከተ፣ ከውጭ አገር ዘመድ የላከው ኪቦርድ ከሆነ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ሶኬት ላይ አይሰኩ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ የአሜሪካው 120፣ የጃፓኑ 100 ቮልት ነው። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት ያለ ስጋት ይሠራል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ይቃጠላል። ሌላ አዳፕተር ሲገዙ የሚያወጣው ቮልት ከኪቦርዱ ጀርባ ከተጻፈው ጋር እኩል መሆኑን፣ የአምፔሩ መጠን የማያንስ መሆኑንና የፕላስና የማይነስ ሥዕሉ አንድ ዓይነት መሆኑን ያመሳክሩ፤ የመሰኪያው ጫፍ ልክ ስለገባ ብቻ ይስማማል ማለት አይደለም። መብራት ሲጠፋም አዳፕተሩን ከዲቫይደሩ ይንቀሉት፤ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ኃይል የሚጎዳው በመጀመሪያ እሱን ነው።

ሰባተኛ፦ ድምፅ የሌላቸውንና የሚታጠፉትን ይለዩ

እንደ አካይ ኤምፒኬ ሚኒ ያሉ ባለ 25 ቁልፍ መሣሪያዎች የራሳቸው ድምፅ የላቸውም፤ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሚዲ በተባለው ሥርዓት የተመታውን ቁልፍ ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒውተር ያስተላልፋሉ፣ ድምፁን የሚያወጣው ያኛው ነው። ሙዚቃ ለሚያቀናብርና ላፕቶፑን ሁልጊዜ ለሚይዝ ሰው እጅግ ጥሩ ናቸው። ለልምምድ ብቻ ለሚፈልግ ግን ስልኩ ባትሪ ሲጨርስ ልምምዱም አብሮ ያበቃል፤ በአንዳንድ ስልኮችም ቁልፉ ከተመታ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚመጣ ምቱ ይበላሻል። ከመግዛትዎ በፊት በራስዎ ስልክ፣ በራስዎ ገመድና ኢንተርኔት ዘግተው ይሞክሩት።

እንደ ምንጣፍ የሚጠቀለሉትን የጎማ ኪቦርዶች አይግዙ። ቁልፋቸው ወደ ታች ስለማይወርድ ጣት ምንም አይማርባቸውም። ከመካከላቸው የሚታጠፉት ባለ 88 ኪቦርዶች ከእነዚያ ይሻላሉ፤ ሆኖም የቁልፋቸው ጥልቀት አነስተኛ ነው፣ መታጠፊያውም ሲላላ ከሁለቱ በኩል ያሉት ቁልፎች እኩል አይቆሙም።

ስምንተኛ፦ የጆሮ ማዳመጫና ፔዳል

የጆሮ ማዳመጫው ባለ ገመድ ይሁን። የብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን ስለሚያዘገይ ለመስማት እንጂ ለመጫወት አይሆንም። ቀዳዳው 3.5 ወይም 6.35 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይዩና መቀየሪያውን አብረው ይግዙ፤ በፔንሲዮን ክፍል ውስጥ ምሽት ላይ መለማመድ የሚቻለው በዚሁ ብቻ ነው። ፔዳሉን ደግሞ ኪቦርዱን ከማብራትዎ በፊት ይሰኩት፣ ሲያበሩም አይርገጡት፤ ብዙ መሣሪያዎች ሲበሩ ፔዳሉ ያለበትን ሁኔታ ያነባሉ፣ ተረግጦ ካገኙት ሥራው ይገለበጥና እግርዎን ሲያነሡ ድምፁ የሚቀጥል ይሆናል።

ዘጠነኛ፦ ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ጎንደር ፒያሳ ካሉት ሱቆች ቢገዙም፣ ከአዲስ አበባ ቢያስመጡም፣ ያገለገለ ከሰው እጅ ቢወስዱም ፍተሻው አንድ ነው፤ ያገለገለ ሲሆን ጊዜ ይሰጠዋል እንጂ አይቀየርም። የጆሮ ማዳመጫዎን ይዘው ይሂዱና ከታችኛው ቁልፍ እስከ ላይኛው ነጭና ጥቁር ሳይዘሉ በእኩል ኃይል ይምቱ፤ አንዱ ከጎረቤቱ ከጮኸ ወይም ከደከመ ከውስጥ ያለው ጎማ አልቋል ማለት ነው። የድምፅ መጨመሪያውን ሲያዞሩ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አቧራ ገብቶታል። የአዳፕተሩን መሰኪያ ሰክተው በቀስታ ያንቀሳቅሱት፤ ኪቦርዱ ከጠፋ ብየዳው ተላቋል። የባትሪውን ክዳን ከፍተው ብረቶቹን ይመልከቱ፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ድንጋይ ፈስሶበት የነበረ መሣሪያ ነው፣ በባትሪ እንደሚሠራም ድንጋይ አስገብተው ሳያዩ አይመኑ። ሻጩ አዳፕተር ላይ ብቻ እንዲሞክሩት ከገፋፋዎት የራስዎን ስድስት ድንጋይ ከኪስዎ ያውጡ።

ከዚያ ጊዜ ወስደው ዐሥር ጣትዎን በአንድ ላይ ዘርግተው ይያዙና ሳስቴን ረግጠው በላዩ ሌላ ኮርድ ይጨምሩ። በአንድ ጊዜ 32 ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ለዜማ ልምምድ ይበቃል፤ ፔዳል የሚያበዛ የፒያኖ ተጫዋች ግን የመጀመሪያዎቹ ድምፆች ሲቆራረጡ ይሰማዋል፣ ለእሱ 64 እና ከዚያ በላይ ይሻለዋል።

ዐሥረኛ፦ አያያዝ

ለባለ 61ው ቢያንስ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ስፖንጅ የገባበት ቦርሳ ያሠሩ፤ ልክ ሰጥተው የሚያሠሩት ቦርሳ በገበያ ካለው ሰፊ ቦርሳ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ኪቦርዱ ውስጥ የማይንገላታ መሆን አለበት። ቦርሳው እስኪደርስ ጋቢ ሁለት ጊዜ ጠቅልሎ ማሰር ይቻላል። የድምፅ መጨመሪያው በአካሉ ላይ ከፍ ብሎ የሚታይ ከሆነ በዚያ በኩል ተጨማሪ ስፖንጅ ያድርጉ። ክረምት ላይ ከቦርሳው ላይ የሚለበስ ወፍራም ላስቲክ ይያዙ፤ በበጋ አቧራ ደግሞ ቁልፎቹን የሚሸፍን ንጹሕ ነጠላ ወይም ጨርቅ ከቦርሳው ውስጥ ይደረብ።

በመተማ መስመር ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ኪቦርዱን በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ትቶ አይውረድ፤ ሙቀቱ የቁልፎቹን ፕላስቲክ ያጣምማል። ደባርቅ ሌሊቱን በብርድ ያደረ መሣሪያ ደግሞ ወደ ሞቀ ክፍል እንደገባ አይብራ፤ እርጥበት በውስጡ ስለሚቋጠር በቦርሳው እንደሆነ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። በመኝታ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሲጫወቱ ክርንዎ ከቁልፎቹ ጋር እኩል እንዲሆን ወንበሩን በትራስ ከፍ ያድርጉ፤ አልጋ ላይ ተቀምጦ ጭን ላይ አስቀምጦ መጫወት የእጅ አንጓን ወደ ላይ አጥፎ ስለሚያስለምድ ለአጭር ጊዜ ካልሆነ አይጠቅምም።

አብዛኞቹ የያማሃና የካሲዮ መሣሪያዎች ለጥቂት ጊዜ ካልተነኩ ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ የቀየሩት ቱኒንግና የአመታት ቅንብር በዚያው ሊመለስ ስለሚችል ልምምድ ሲጀምሩ ያረጋግጡት። ከጉዞ ተመልሰው ኪቦርዱን ለሳምንታት የማይነኩት ከሆነ ስድስቱንም ድንጋዮች አውጥተው ለብቻ ያስቀምጡ።